ለመደማመጥ የሚያስተምር ዜማ

በጎንደር ከተማ የሚገኘው የበአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ በመሆን ይታወቃል። አቋቋም ሊቃውንቱ በሥርዓት ቆመው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚያቀርቡት የማኅሌት ዜማ ሲሆን፣ ቃሉም በአብዛኛው ከቅዱስ ያሬድ ድጓ፣ ማለትም የዓመቱ በዓላትና ወቅቶች መዝሙሮች ከተሰበሰቡበት መጽሐፍ የሚወጣ ነው።

በዚህ ሥርዓት ድምቀት በአንድ ጊዜ አይመጣም። በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ የሚዜመው ቁም ዜማ ይሰማል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ እንቅስቃሴ የሚመራው ዝማሜ ይመጣል፤ ከዚያም ጸናጽልና ከበሮ የሚገቡበት መረግድ፣ በኋላም በጭብጨባ የሚደምቀው ጽፋት ይከተላል። በቀኝና በግራ የተሰለፉት ሊቃውንት ዜማውን ተራ በተራ ስለሚቀባበሉ፣ የአንዱ ወገን ዝምታ ለሌላው ድምፅ ቦታ የሚሰጥ የአምልኮ ክፍል ይሆናል።

እንዲህ ያለው መደማመጥ በአቋቋም ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ በካቶሊክም ሆነ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ ዜማውና መሣሪያው ቢለያይም፣ በኅብረት የሚዘምር ሁሉ የጎረቤቱን ድምፅ ሳያዳምጥ የራሱን ማስተካከል አይችልም። ስለዚህ የጎንደር ሊቃውንት ለዘመናት ከመምህር ወደ ተማሪ፣ በቃልና በጆሮ ሲያስተላልፉት የኖሩት ይህ ትምህርት ለመላው ማኅበረሰብ የሚበጅ ጥበብ ነው፤ ጸንቶ እንዲቆይም የአብነት ትምህርት ቤቶችን፣ መምህራኑንና ከሩቅ አገር የሚመጡ ተማሪዎቻቸውን በቀለብና በመጠለያ መደገፍ የሁሉም ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።