ፒክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት ከሥሩ እዩት

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ሁላችሁም እያያችኋት ነው። ለምን እንዳመጣኋት እነግራችኋለሁ።

የዛሬው ርዕሳችን ያገለገለ ፒክአፕ መግዛት ነው። እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ይጠግናሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ዕቃ ያጓጉዛሉ፣ ግቢ ያስተካክላሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ቅዳሜ ሲሚንቶና ጣውላ የሚጭን አንድ መኪና ይፈልጋሉ። ገንዘቡ የሚጠራቀመው በሌሊት ሥራ ነው። ስለዚህ በአንድ ከሰዓት ችኮላ መጥፋት የለበትም።

የእኔ ጠፍቶ ነበር። ከዓመታት በፊት ቨርጂኒያ ስኖር የመጀመሪያ ፒክአፔን ገዛሁ። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሩ ንጹሕ ነው፣ ሞተሩ ድምፁ አይሰማም። ከሥሩ አጎንብሼ ሳይ ሁሉም ነገር ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሻጩ «ዝገት እንዳይነካው ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ለዓመታዊው ምርመራ ስወስደው መርማሪው መኪናውን ወደ ላይ አንሥቶ እንዲህ ባለች መዶሻ ሻንሲውን መታ መታ አደረገው። ከፊት በኩል ሲመታው እንደ ደወል ጮኸ። ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ ባሌስትራው ከሚታሰርበት ቦታ ሲደርስ ግን እርጥብ ካርቶን የተመታ መሰለ። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ሲደግመው መዶሻዋ ብረቱን በስታ ገባች። ጥቁሩ ቀለም የተቀባው ዝገቱን ለመሸፈን ነበር።

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ብጠየቅ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ የፒክአፕ ዕድሜው ሻንሲው ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ ላሜራው በስቱኮ ይሞላል። የበሰበሰ ሻንሲ ግን በእኛ አቅም የሚጠገን አይደለም። እኛ ባለንበት አካባቢ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨውና ውኃ ደግሞ ሻንሲው ውስጥ ገብተው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሉታል። ስለዚህ መብራት ይዛችሁ ተንበርከኩ። የኋላ ጎማዎቹን ዙሪያ፣ የነዳጅ ጋኑን አካባቢ፣ የፍሬን ቱቦዎቹን እዩ። ላዩ ላይ የወጣ ቀላል ዝገት አያስፈራም፤ እንደ ቅርፊት የሚላጠውን፣ ጣት ሲነካው የሚፈርሰውን ፍሩ። መዶሻዋን ስትጠቀሙ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ካልፈቀደ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ በፊት ራሳችሁን ልትጠይቁት ወደሚገባው ጥያቄ ልምጣ፦ ምን ልትጭኑበት ነው? የሹፌሩን በር ስትከፍቱ በሩ በሚዘጋበት ምሰሶ ላይ የጎማና የጭነት መረጃ የያዘ ወረቀት ተለጥፏል። የሰዎቹና የዕቃው ክብደት ተደምሮ ከዚህ ያህል ፓውንድ አይብለጥ ይላል። ልብ በሉ፤ ሰዎቹም ከጭነቱ ይቆጠራሉ። ወረቀቱ 1,240 ፓውንድ ቢል፣ እናንተና ረዳታችሁ 350 ብትሆኑ፣ የመሣሪያ ሣጥናችሁ 150 ቢመዝን፣ የቀራችሁ 740 ነው። ባለ 80 ፓውንዱ የኮንክሪት ከረጢት ቢሆን 9 ብቻ ይጫናል፤ አሥረኛው ትርፍ ነው። አንድ ኪዩቢክ ያርድ ጠጠር ደግሞ ከ2,500 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ ካሶኒው ቦታ አለው ማለት መኪናው ይችላል ማለት አይደለም። ተሳቢ የምትጎትቱም እንዲሁ አስቡ። ብዙውን ጊዜ ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው በኩል መኪናው ላይ ያርፋል፤ እሱም ከዚያው ቁጥር ላይ ይቀነሳል።

የመኪና ዓይነትን በተመለከተ፣ አገር ቤት ሂሉክስን አምነን ስላደግን እዚህም ዓይናችን ቶዮታ ላይ ያርፋል። አሜሪካ ውስጥ ሂሉክስ አይሸጥም፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሸጠው ታኮማ ነው። ጠንካራ መኪና ነው። ሆኖም ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ ታኮማዎች ሻንሲያቸው ከሚገባው በላይ ይዝጋል የሚል ክስ ቀርቦ ኩባንያው በስምምነት ፈትቶታል፤ ብዙዎቹም ሻንሲ ተቀይሮላቸዋል። ስለዚህ «ሻንሲው ተቀይሯል? ወረቀቱ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተቀየረለት ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከ2005 እስከ 2010 ያሉት ኒሳን ፍሮንቲየሮች ላይ ደግሞ የራዲያተሩ ውኃ ከካምቢዮ ዘይት ጋር እየተቀላቀለ ካምቢዮውን ያበላሸባቸው ብዙ ናቸው፤ ራዲያተሩ መቀየሩን አረጋግጡ። ከ2004 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ፎርድ ኤፍ-150 ላይ የተገጠመው ባለ 5.4 ሊትር ሞተር ሲሞቅ እንደ ናፍጣ ሞተር የሚንኳኳ ከሆነ ተዉት። ከ2015 ወዲህ ያለው ኤፍ-150 አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም ሲባል ትሰማላችሁ፤ ሻንሲው ግን አሁንም ብረት ነው።

መኪናውን ለማየት ስትቀጠሩ ሻጩ ቀድሞ ሞተሩን እንዳያስነሣ ለምኑት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚሰማው ድምፅና የሚወጣው ጭስ አምልጧችኋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ይጠቁማል። ጎማው ጎን ላይ የታተሙትን የመጨረሻ አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። በአራቱም ጎማ የሚሄድ ከሆነ አሸዋማ ወይም ጠጠር ቦታ ላይ ወስዳችሁ ሞክሩት። የተሳቢ ማያያዣው ክፉኛ ያለቀ ከሆነ ወይም ፊቱ ላይ የበረዶ መጥረጊያ የሚታሰርበት ብረት ካለ ያ መኪና ብዙ ደክሟል። በመጨረሻም ለራሳችሁ መካኒክ ከፍላችሁ አስመርምሩት። ለምርመራው የከፈላችሁት ስንት ሺሕ ዶላር ሊያድንላችሁ ይችላል። «መካኒክ ጋ አልወስድም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተሰናበቱት።

ወረቀቱም እንደ ብረቱ ይመረመራል። እዚህ ታይትል የሚሉት እኛ ሊብሬ የምንለውን የባለቤትነት ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። የባንክ ዕዳ ካለበት ዕዳው ሳይዘጋ ገንዘብ አትስጡ። ወረቀቱ ላይ ሳልቬጅ፣ ሪቢልት ወይም ፍለድ የሚል ቃል ካለ መኪናው ከባድ አደጋ ወይም ጎርፍ አይቷል። 17 ፊደላትና አሃዞች ያሉት የሻንሲ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ፣ በሩ ላይና ሊብሬው ላይ ተመሳሳይ መሆን አለበት። ያንን ቁጥር የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ያልተጠገነ የፋብሪካ ጥሪ (ሪኮል) እንዳለበትና እንደሌለበት በነጻ ታያላችሁ። በሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ስም ለማዞር የደኅንነት ምርመራ ማለፍ እንዳለበትም አትርሱ።

ከዲለር ስትገዙ መስኮቱ ላይ የገዢ መመሪያ የተባለ ወረቀት እንዲለጠፍ የፌዴራል ሕግ ያዝዛል። «ኤዝ ኢዝ» የሚለው ሣጥን ምልክት ከተደረገበት ከበሩ ከወጣችሁ በኋላ የሚሰበረው ሁሉ የእናንተ ነው ማለት ነው። በእኛ መካከል «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚል ወሬ አለ። ዲለሩ በጽሑፍ ካልሰጣችሁ በቀር እንዲህ ያለ የፌዴራል መብት የለም።

ስለ ብድሩም ልንገራችሁ። «በወር ስንት ልክፈል?» ብላችሁ አትጀምሩ። 15,000 ዶላር በ18 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ብትበደሩ በወር ወደ 342 ዶላር ትከፍላላችሁ። ያንኑ ገንዘብ ከክሬዲት ዩኒየን በ8 በመቶ ለ48 ወር ብታገኙት ወርኃዊው ወደ 366 ነው። የወሩ ልዩነት 24 ዶላር ብቻ ነው፤ ጠቅላላው ግን ከ7,000 ዶላር በላይ ይለያያል። ስለዚህ ዲለሩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት የብድር ፈቃዱን ይዛችሁ ሂዱ። ለክፍያ ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ ለኢንሹራንሳችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ተራው የግል ኢንሹራንስ እንዲህ ያለውን ሥራ ላይሸፍን ይችላል።

አበው የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ አፍስሼ ለቅሜያለሁ። ያን ጊዜ ብቻዬን ነበር የሄድኩት፤ አብሮኝ የሚያጎነብስ ሰው አልነበረም። አገር ቤት በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርሱን የሚያይለት ጎረቤት ይዞ ገበያ ይወጣ ነበር። እዚህስ ለምን ብቻችንን እንሄዳለን? ይህች መዶሻና አንድ መብራት ከዛሬ ጀምሮ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ይቀመጣሉ። መኪና የሚያይ ሰው ስሙን ጽፎ ይውሰዳቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።