ግድቡ የአንድ ሰው፣ ጎርፉ የሁሉም
(ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትንሽ ግድብ ነው። ስለ ትልልቅ ግድቦች ብዙ ይወራል። ትልቁን ግድብ መሐንዲስ ይጠብቀዋል፤ መንግሥትም ያየዋል። ትንሹን ግን ማን ያየዋል?

አንድ ሰው በጅረት ላይ አፈር ይቆልላል። ውሃ ያቁራል። ከብቱን ያጠጣበታል፤ ሽንኩርትና ጎመን ያለማበታል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ውሃ እያየነው ሲሄድ ያንገበግባል። ስለዚህ ግድብ አይሠራ አንልም። የምንለው ሌላ ነው። ግድቡ የአንድ ሰው ነው፤ ሲፈርስ ግን ውሃው የሚሄደው ወደ ታች ነው። ከታች ያለው የጎረቤት ቤት ነው። የጎረቤት ማሳ ነው። የጎረቤት ልጅ ነው። እንግዲህ ከታች ያለው ሰው ግድቡን የማየትና የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይገባል።

ውሃ ስንት ይመዝናል?

ውሃ ቀላል ይመስላል። ግን እንመዝነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ውሃ ቢሞላ፣ ውሃው 10 ኩንታል ይመዝናል። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬስ? 100 ሺህ ኩንታል ይሆናል። ይህን ሁሉ ክብደት ገትሮ የያዘው የአፈር ክምር ነው። ውሃው ቀን ከሌሊት ይገፋዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ኩሬው ፀጥ ብሎ ስላየነው አንዘናጋ።

ግድብ እንዴት ይፈርሳል?

የአፈር ግድብ ብዙ ጊዜ በሦስት መንገድ ይፈርሳል።

አንደኛው ውሃ በአናቱ ላይ ሲፈስ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ይጥላል፤ ኩሬው ይሞላል። የሞላው ውሃ በጎን የሚወጣበት ሰፊ ቦይ ከሌለ በግድቡ አናት ላይ ያልፋል። አፈሩንም እየሸረሸረ ይወስደዋል። ይህ የጎን ቦይ ማስተንፈሻ ይባላል። ማስተንፈሻ የሌለው ግድብ ክዳኑ እንደተጠረቀመ ድስት ነው።

ሁለተኛው ውሃ በግድቡ ሆድ ውስጥ ሲሾልክ ነው። መጀመሪያ የግድቡ ጀርባ ይረጥባል። ቀጥሎ ትንሽ ምንጭ ይወጣል። የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ከሆነ ይከታተሉታል። ከደፈረሰ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው። ግድቡ ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው። ያን ጊዜ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ሦስተኛው የግድቡ ጀርባ ሲናድ ነው። ጀርባው እንደ ገደል የቀና ከሆነ፣ ዝናብም ካራሰው፣ አፈሩ ይንሸራተታል። ዛፍም ይጎዳዋል። ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና ለውሃ መንገድ ይከፍታል። የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድም እንደዚሁ ነው። በግድብ ላይ ሣር እንጂ ባሕር ዛፍ አይተከልም።

በሌላ አገር የደረሰውን ስሙ

ይህ ተረት አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ፣ ናኩሩ በሚባለው አውራጃ፣ ሶላይ የሚባል አገር አለ። እዚያ በአንድ ሰፊ የግል እርሻ ላይ የውሃ ግድብ ነበር። ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ፣ ከብዙ ዝናብ በኋላ፣ ግድቡ ተደረመሰ። ከታች የነበሩትን ቤቶች ጠርጎ ወሰደ። ከ40 ሰው በላይ ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከአደጋው በኋላ የአገሩ የውሃ ባለሥልጣን ግድቡ ፈቃድ እንዳልነበረው ተናገረ። ከአደጋው በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ አሜሪካ እንሂድ። ጆንስታውን የሚባል ከተማ አለ። ከከተማው በላይ፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አንድ ትልቅ የአፈር ግድብ ነበር። ባለቤቶቹ ሀብታሞች ነበሩ። ክለብ አቋቁመው በሐይቁ ላይ ዓሣ እያጠመዱ ይዝናኑ ነበር። ከግድቡ ሥር ውሃ የሚለቀቅባቸው ቧንቧዎች ቀደም ብለው ተነቅለው ተሸጠው ነበር። ክለቡም አልተካቸውም። በግድቡ ላይ ሠረገላ እንዲያልፍ ብለው አናቱን ዝቅ አደረጉት። ዓሣው እንዳያመልጥ ብለው በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አኖሩ።

ከታች ያለ አንድ የብረት ፋብሪካ ይህ አሳሰበው። ባለሙያ ልኮ ግድቡን አስመረመረ። ባለሙያውም ውሃ መልቀቂያ የለውም፣ ጥገናውም ደህና አይደለም አለ። ይህ የሆነው ከአደጋው 8 ዓመት ቀድሞ ነው። የክለቡ ሹም ግን አደጋ የለባችሁም ብሎ መለሰ። የሚያስገድደው አልነበረም። ጉዳዩ በዚሁ ቀረ።

በግንቦት ወር 1881 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ጣለ። ወንፊቱ በቆሻሻና በግንድ ተደፈነ። ውሃው በአናቱ ላይ ፈሰሰ፤ ግድቡ ሄደ። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከተማው ደረሰ። 2,209 ሰው ሞተ። በዚያን ቀን በቴሌግራፍ ማስጠንቀቂያ ተልኮ ነበር። ሰው ግን አልሰማም። ለምን ቢሉ፣ ግድቡ ሊፈርስ ነው የሚለውን ወሬ ለብዙ ዓመት ሰምቶ ለምዶት ነበር። የተጎዱት ክለቡን ከሰሱ፤ በፍርድ ያገኙት ካሣ ግን አልነበረም።

ግድባችን ትንሽ ነው፣ ይህ እኛን አይነካም የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያው አንድ ልጨምር። እዚያው አሜሪካ፣ ጆርጂያ በሚባለው ግዛት፣ ቶኮዋ በሚባል ጅረት ላይ፣ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል የሆነ የአፈር ግድብ ነበር። ባለቤቱ ከሥሩ ያለ አንድ ኮሌጅ ነበር። ጀርባውን ዛፍ ለብሶት ነበር። ከዓመታት በፊትም ከጀርባው አፈር ተንሸራቶ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 1970 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ፈረሰ። 39 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የግልም ሆነ ሌላ አደገኛ ግድብ በባለሙያ እንዲመረመር አዘዙ።

ከሦስቱ አንድ ነገር እንማራለን። በሦስቱም ቦታ ባለቤቱ ብቻውን ዳኛ ነበር። ባለቤት ክፉ ስለሆነ አይደለም። ባለቤት ጥቅሙን ያያል፤ ጥገናም ገንዘብ ይጠይቃል። ዘንድሮ ይለፍና ለከርሞ ይላል። ስለዚህ ከጥቅሙ ውጭ የሆነ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል።

እኛስ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ግድብ ከመሠራቱ በፊት እንጠይቅ። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የውሃ ግንባታ የሚሠራ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ደነገገ። በእጅ ለሚቆፈር የውሃ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አልጠየቀም። እንግዲህ ከላያችሁ ግድብ ሲጀመር፣ ፈቃድ አለው ወይ? ማን አየው? ማስተንፈሻው የት ነው? ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ግድቡን በጋራ እንይ። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ መዞር ነው። አናቱ ተሰንጥቋል ወይ? አንድ ቦታ ዝቅ ብሏል ወይ? ጀርባው ረጥቧል ወይ? የሚወጣው ውሃ ደፍርሷል ወይ? ማስተንፈሻው በደለልና በእንጨት ተዘግቷል ወይ?

ሦስተኛ፣ ያያችሁትን ጻፉ። አሁን እኮ ፊደል ቆጥራችኋል! ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የውሃውን ከፍታ፣ የረጠበውን ቦታ ጻፉ። ምልክት ያለው እንጨት በኩሬው ዳር ትከሉ። በቃል የተነገረ አቤቱታ በመንገድ ይቀራል። ቀን ያለበትና የፈረሙበት ወረቀት ግን መልስ ይጠይቃል። ቅጂውን እናንተ ዘንድ አስቀሩ። አንዱን ለባለቤቱ፣ አንዱን ለቀበሌ፣ አንዱን ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ስጡ።

አራተኛ፣ ለክፉ ቀን ምልክት ይኑራችሁ። ጥሩንባ ይሁን ደወል ተስማሙበት። ማን እንደሚነፋ፣ ሰው ወደ የትኛው ኮረብታ እንደሚሮጥ አስቀድማችሁ ወስኑ። ምልክቱን ያለ ምክንያት አትንፉ፤ የጆንስታውን ሰዎች ማስጠንቀቂያ ለምደው አለቁ። ሲነፋ ግን በሬ ፍለጋ አትመለሱ። ልጆችን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለኝ። ግድቡ አደገኛ ነው ብላችሁ በዶማ ለመናድ እንዳትነሡ። የተቀደደ ግድብ አይመለስም፤ ልታድኑት ያሰባችሁትን መንደር ራሳችሁ ታጠፉታላችሁ። ውሃው በመልቀቂያው ቀስ እያለ ይውረድ፤ ባለሙያም ይጠራ።

ውሃ የሁላችን ሀብት ነው። ግድብ የሠራ ጎረቤት ይመስገን። ከታች ያለው ሰው ሲጠይቀው ግን አይቆጣ። ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ከታች ያለው ቤተሰብ ተማምኖ መተኛት አለበት። ለዚህም ዋስትናው የባለቤቱ ቃል ብቻ ሊሆን አይገባም፤ በጋራ የታየና በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ያስፈልጋል።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ በጅረት ላይ የተሠራ ግድብ አለ ወይ? ከሥሩ ስንት ቤት አለ?
2. ማስተንፈሻ ምን ይጠቅማል?
3. የጆንስታውን ሰዎች ማስጠንቀቂያውን ለምን አልሰሙም?
4. ከግድብ ጀርባ ድፍርስ ውሃ ሲወጣ ብታዩ መጀመሪያ ለማን ትናገራላችሁ? ምን ብላችሁስ ትጽፋላችሁ?