ፍላፕና ፍጥነት በማረፍ ጊዜ
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከቡለን የመጣን ተማሪዎች፥ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋው ምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ስሙ ፍላፕ ነው። ዛሬ ስለ ሥራው ጥቂት እንናገራለን።

ክንፍ የሚሸከመው አየር በበቂ ፍጥነት ሲያልፍበት ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ያደርጋል፤ ከልክ ካለፈ ግን አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ክንፉ መሸከሙን ይተዋል። ፍላፕ የክንፉን ጉብታ ስለሚጨምር በዝግታ መብረር ያስችላል። ለምሳሌ ሴስና 172 ኤስ የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ያለ ፍላፕ በ48 ኖት ክንፏ ይከዳታል፤ ሙሉ ፍላፕ ዘርግታ ግን እስከ 40 ኖት ትታገሣለች። ከዚህም በላይ ፍላፕ አየሩን ስለሚገታ፥ ፍጥነት ሳይጨምር በቁልቁለት ለመውረድ ይረዳል።

ይሁን እንጂ ሥርዓት አለው። ለዚህችው አውሮፕላን ሙሉ ፍላፕ ከ85 ኖት በላይ ክልክል ነው፤ ይጎዳልና። እንዲሁም መሬት ሲቃረብ ፍላፕን በድንገት የሚሰበስብ አብራሪ ክንፉን ድጋፍ ይነሣዋል፤ አውሮፕላኑም ይሰምጣል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የአሶሳ ማረፊያ ከባሕር ጠለል 1500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ መለኪያው 60 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 65 ኖት ገደማ ነው፤ በሙቀት ቀን ደግሞ ይበልጣል። መሬቱ በፍጥነት ሲሸሽ ያየ ጀማሪ «በዛብኝ» ብሎ ሊቀንስ ይቃጣዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው! ክንፉ የሚያውቀው አየሩን እንጂ መሬቱን አይደለም። ስለዚህ የመለኪያውን ቁጥር ጠብቆ፥ ረዘም ያለ ሜዳ ማሰብ ይገባል።

የፍላፕ ዋጋ ሲታጣ ይታወቃል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ተጠልፎ ነዳጁን ጨረሰ። ሞተሮቹ ስለ ቆሙ ካፒቴን ልዑል አባተ ፍላፕ መዘርጋት አልቻሉም፤ አውሮፕላኑም በኮሞሮስ ባሕር ላይ በ175 ኖት ገደማ አረፈ። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። የግጭት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፥ እያንዳንዱ ኖት የሰው ሕይወት ነው።

እንግዲህ ፍላፕ ዝግታን ይፈቅዳል፤ ዝግታውን የሚወስነው ግን መለኪያውን የሚያይ አብራሪ ነው።