ስለ በገና አውታር አለዋወጥ የተነገረ ቃል



ድምፁ የጠፋ በገና ከግድግዳችሁ ተሰቅሎ ብታዩ አትጣሉት፤ ያረጀው አውታሩ ነውና። አባቶቻችን በዐሥርቱ ቃላት የመሰሏቸውን 10 አውታሮች፥ እኔ በጕልማሳነቴ ጊዜ ላተርፍ ብዬ በአንድነት ፈታኋቸው፤ ከአውታሩና ከብርኩማው መካከል የሚገባው ቍርበት፥ እንዚራው፥ ተበተነ፤ ቅኝቱም ሳምንት ሙሉ አልጸና አለኝ።

ስለዚህ አንዱን ፈትታችሁ በስፍራው አዲሱን ሳታስሩ ሁለተኛውን አትንኩ። ከበግ አንጀት የተፈተለ አውታር እየዋለ ይለጠጣልና ቀስ በቀስ ወጥሩት፤ አሳድራችሁም ደግማችሁ ቃኙት። እንዚራው ከቦታው ከሳተ በገናው አያጕረመርምም።

የቸኰለ ዐሥሩን ደጋግሞ ይፈታል፤ የታገሠ አንድ ጊዜ ያስራል። እንዲህ ብናደርግ ልጆቻችን በዐቢይ ጾም የሚደረድሩት በገና አያጡም።