ግቢው ተጠረገ፣ ሳንባውስ? የሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ ነዋሪዎችና የቅድመ ምርመራ ጥያቄ
(የንግግር ጽሑፍ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)



በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ፣ በማዲሰን ጎዳና፣ ከ1938 እስከ 1989 አንድ ፋብሪካ ነበር። ከሞንታና ግዛት፣ ከሊቢ ከተማ የሚመጣውን ቨርሚኩላይት የተባለ ማዕድን ያቀነባብር ነበር። አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ተረፈ ድንጋይ ከፋብሪካው ደጅ ተከምሮ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይታደል ነበር። ነዋሪዎች በግቢያቸው አነጠፉት፤ ልጆችም በክምሩ ላይ ተጫወቱ።

ከ2000 ወዲህ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የተበከሉ ግቢዎችን አስጠርጓል። አፈሩ ተነሥቷል፤ ሳንባ ውስጥ የገባው ብናኝ ግን አልተነሣም። የአስቤስቶስ በሽታ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በ1980ዎቹ በክምሩ ላይ የተጫወተ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው።

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሥራ ውጭ ለብናኙ የተጋለጡ 461 ሰዎችን የደረት ራጅ መርምረው ውጤቱን በ2012 አሳትመዋል። በ49ኙ፣ ማለትም ከዐሥር በአንዱ ያህል፣ የሳንባ ሽፋን ላይ ለውጥ ታይቷል። ይህ ለውጥ ብቻውን ካንሰር አይደለም፤ የመጋለጥ አሻራ ነው። ራጅ የሚያልፈውን ስስ ለውጥ ሲቲ ስካን ሊያሳይ ይችላል። ሲቲም የራሱ ዋጋ አለው፦ ጨረርና የሐሰት ሥጋት። ስለዚህ የተመጠነ ጨረር፣ የተመረጠ ተመርማሪና የማያቋርጥ ክትትል ያስፈልጋል።

ሕጉ የት ቆመ? በ2009 በሊቢ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ ታወጀ፤ በ2010 የወጣው የጤና ሕግም ለዚያ አካባቢ ሕሙማን የሜዲኬርን በር ከፈተ። ማዕድኑ እስከ ሚኒያፖሊስ ተጓዘ፤ ሕጉ ግን ሊቢ ላይ ቀረ። የ2021ዱ አገር አቀፍ የሳንባ ካንሰር ምርመራ ምክረ ሐሳብም የሚያየው ዕድሜንና የማጨስ ታሪክን ነው፤ አጫሽ ያልሆነ፣ ነገር ግን ለአስቤስቶስ የተጋለጠ ሰው ከመስፈርቱ ውጭ ነው።

የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሐኪሞች «ያጨሳሉ?» ከማለት ባሻገር «የት አደጉ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ከድንጋዩ ጋር በቀጥታ የተነካኩ ነዋሪዎች የምስል ምርመራና የክትትል ወጪ በግዛቱ ይሸፈን። ሦስተኛ፣ ጥሪው በነዋሪዎቹ ቋንቋ ሁሉ ይድረስ።

ድንጋዩ በነጻ ታድሏል። ምርመራውም በነጻ ሊታደል ይገባል።