በሬውም የሚፈታበት ሰዓት አለው
(በአትላንታ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ አባል የቀረበ ንግግር)



ሥራ አመራር ኮሚቴው «በሥራ ላይ ሐሳብን ሰብስቦ ስለ መዋል፣ ከመዛልም ስለ መጠበቅ አንድ ነገር በለን» ሲለኝ መጀመሪያ አመነታሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፤ የሌሊት ነርስ ነኝ። ነገሩ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ስለሆነ እሺ አልኩ።

ከአራት ዓመት በፊት እንደዛሬው ተሰብስበን ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ክፍሎች ቃል ስንገባ፣ እኔም እጄን አውጥቼ 3,000 ዶላር አልኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ደስም አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳሰላው ግን ሒሳቡ አልገጠመም። የቤት ኪራይ አለ፤ የልጆች ወጪ አለ፤ ለእናቴ በየወሩ የምልከው አለ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ሌሊት እሠራ የነበረውን አምስት አደረግሁት። አንዱ ሌሊት 12 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 60 ሰዓት ማለት ነው።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ በ285 አውራ ጎዳና ወደ ቤቴ እየነዳሁ ነበር። የነቃሁት ጎማው የመንገዱን ዳር ሲያንገጫግጨው ነው። መውጫዬን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ነዳጅ ማደያ ገብቼ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት የአንዱን ታማሚ መድኃኒት ይዤ ሌላው ክፍል ገባሁ። መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ስምና የትውልድ ቀን መጠየቅ ግዴታችን ነው። ታማሚው ስሙን ሲነግረኝ ደነገጥኩ፤ የያዝኩት የእርሱ አልነበረም። ያ ጥያቄ ባይኖር ምን ይደርስ እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ስም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣ መዛልን፣ በተለምዶ በርንአውት የምንለውን፣ በሦስት ምልክቶች ገልጾታል። አንደኛው ጉልበት ተሟጦ ማለቅ ነው። ሁለተኛው ከሥራው ጋር መራራቅ፣ ሰውንም ሥራውንም መሰልቸት ነው። ሦስተኛው የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ የሌለው መስሎ መታየት ነው። ድርጅቱ ይህን እንደ በሽታ አልመዘገበውም፤ ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ካላገኘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ብሎታል። በእኔ ላይ ሦስቱም ነበሩ። ልጄ «አባዬ፣ እየሰማኸኝ አይደለም» ስትለኝ እንኳ የሰማኋት በሁለተኛው ጥሪዋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፎ እንዲታወቅ ያደረገው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የኒው ዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። የጻፈውም በነፃ ክሊኒክ ስለሚያገለግሉ ሰዎች ነበር፤ እርሱ ራሱም በዚያ በበጎ ፈቃድ ይሠራ ነበር። ስለዚህ የሚዝለው ገንዘብ የሚያሳድድ ሰው ብቻ ነው አትበሉ። ከልቡ የሚሰጥም ይዝላል። የኮሚቴ አባሎቻችን ይህን ልብ በሉልኝ።

ቁጥሩም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድሉም በ17 በመቶ ከፍ ያለ ነው። እዚሁ አትላንታ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ሲዲሲ ደግሞ 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በደሙ 0.10 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይደነዝዛል ይላል። በጆርጂያ ለአሽከርካሪ የተቀመጠው ወሰን 0.08 ነው። እኔ በዚያ እሑድ ጠዋት፣ ቀኑን ልጆች ስጠብቅ ውዬ ሳልተኛ የገባሁ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ሳልቀምስ ሰክሬ ነበር የምነዳው ማለት ነው።

ሕግ ያስቆመናል ብላችሁም አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ሠራተኛ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ያዛል። 16 ዓመት የሞላው ሰው በሳምንት ከዚህ በላይ አይሥራ የሚል ወሰን ግን የለውም። ማቆሚያውን የምናበጀው እኛው ነን።

እንግዲህ ማይንድፉልነስ ወደሚባለው ልግባ። እኔ በአማርኛ «ልብ ማለት» እለዋለሁ። አሁን የምትሠራውን፣ ሰውነትህ የሚነግርህን፣ ትንፋሽህን፣ ሳትፈርድ ማስተዋል ነው። ጆን ካባት ዚን የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ለታማሚዎች ሥልጠና አድርገው ጀመሩት፤ ከዚያ ወዲህ በየሆስፒታሉና በየመሥሪያ ቤቱ ገብቷል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቴ ሲያርስ ዐይኑ ከበሬዎቹና ከትልሙ አይለይም ነበር። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ከሄደ ትልሙ ይጣመማል፤ ማረሻው የበሬውን እግር ይወጋል። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ በሬዎቹን ይፈታል። እርሻው አላለቀም፤ ነገር ግን በሬው ነገም ይፈለጋል።

እኔን የረዱኝን ሦስት ነገሮች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው የ20 ሰከንድ ዕረፍት ነው። ሲዲሲ እጃችሁን ቢያንስ 20 ሰከንድ ታጠቡ ይላል። እኔ ያንን ጊዜ ለትንፋሽ አዋልኩት። ውኃው ሲነካኝ ሦስት ጊዜ በዝግታ እተነፍሳለሁ፤ ትከሻዬን አላላለሁ፤ «ቀጥሎ የምገባው ወደ ማን ነው?» እላለሁ። ታክሲም ሆነ ኡበር የምትነዱ ቀበቶ ስታስሩ፣ ሱቅ የምትሠሩ የገንዘቡን መሳቢያ ስትዘጉ፣ ኤርፖርት የምትሠሩ ባጃችሁን ስታስነኩ አድርጉት። ሐሳብ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ሳትናደዱ መልሱት። ልምምዱ ይኸው መመለሱ ነው።

ሁለተኛው ስልክ ነው። የአገር ቤት ሰዓት ከእኛ በበጋ ሰባት፣ በክረምት ስምንት ሰዓት ይቀድማል። እኛ ልንተኛ ስንል እዚያ ነግቷል፤ የቴሌግራሙ ወሬ ይጀምራል። የጦርነት ዜና ያነበበ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ወገናችንን እንርሳ አላልኩም። እኔ ዜናን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወሰንኩት ሰዓት ብቻ አያለሁ። ከመኝታ በፊት ያየሁት ዜና ለማንም ረድቶ አያውቅም።

ሦስተኛው የሳምንት ምርመራ ነው። እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ ከባለቤቴ ጋር እነዚያን ሦስት ምልክቶች እንጠያየቃለን። ጉልበቴ እንዴት ነው? ሰው አስጠልቶኛል? ሥራዬ ፍሬ ያለው መስሎ ይታየኛል? ሁለቱ ከተበላሹ በሚቀጥለው ሳምንት ትርፍ ሰዓት አልወስድም።

ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ትንፋሽ እንቅልፍን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ሠራተኛውን ብቻ ከማሠልጠን አልፎ አሠሪው የሥራውን ጫናና አደረጃጀት እንዲያስተካክል መክሯል። 60 ሰዓት ለሚሠራ ሰው መድኃኒቱ ሰዓቱን መቀነስ ነው። እኔም ካልቀነስኩ ምንም አይለወጥም ነበር።

እንዴት ቀነስኩ? በዚያው ሳምንት ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ደወልኩ። ድፍረቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። «ቃሌን አላጠፍኩም፤ ግን በወር 100 ዶላር ብቻ ነው የምችለው» አልኩት። «ወንድሜ፣ ትምህርት ቤቱ ቆሞ አንተ እንድትወድቅ ማን ፈለገ?» አለኝ። ወደ ሦስት ሌሊት ተመለስኩ። የቀረብኝን ዕዳ በወር በወር ከፍዬ ጨረስኩ፤ ክፍሎቹም ተሠርተው ልጆች ይማሩባቸዋል።

ከዚህ ተነሥቼ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ቃል መግባት በወር በወር ይሁን፤ ኑሮ የከበደበት አባል ያለ ሐፍረት የሚቀንስበት መንገድ ይኑር። የኮሚቴ ሥራ በሁለት ዓመት ይዙር፤ ያገለገለም ይረፍ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስብሰባም ጥሪም አይኑር፤ ለሌሊት ሠራተኞች ደግሞ ቀን ስንተኛ ታገሡን።

ድካሙ ወደ ጨለማ ሐሳብ ከወሰዳችሁ ደግሞ ብቻችሁን አትቀመጡ። 988 ሌት ተቀን በነፃ ይሠራል። ከዚያም በፊት፣ አጠገባችሁ ላለው ወንድም ወይም እኅት ንገሩ።

እርሻችን ገና ብዙ ነው፤ የጤና ጣቢያው አለ፣ ውኃው አለ። ለዚያ ሁሉ እናንተ በሕይወትና በጤና ታስፈልጋላችሁ።

 ፈጣሪ አገራችንንና ሕዝባችንን ይጠብቅልን።