አንሶላውን ሳበው!



በዚህ በአሥረኛ ዓመት በዓላችን ጥቂት እንድንስቅ ስለ መርከበኞች ቋንቋ ላውጋችሁ። በእንግሊዝኛ «ሺት» አንሶላ ነው፤ በባለ ሸራ ጀልባ ላይ ግን ሸራው የሚጠብቅበትና የሚላላበት ገመድ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተር «ገመዱን ሳበው» የሚለውን ትእዛዝ «አንሶላውን ሳበው» ብሎ ቢተረጉም አይፈረድበትም። «ፖርት» ወደብ ነው፤ ለመርከበኛ ግን ፊቱን ወደ መርከቡ አፍንጫ አዙሮ ሲቆም በግራው ያለው ጎን ነው። «ሄድ» ራስ ነው፤ በጀልባ ላይ ግን መጸዳጃ ቤት ነው። እንግዲህ «ራሱ ተደፍኗል» የተባለ ሰው የሚጠራው ሐኪም እንጂ የቧንቧ ሠራተኛ አይደለም!

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ቃሉን ቢያውቅም የተነገረበትን ቦታ ሊስት ይችላል። አማርኛ ጉግል ትራንስሌት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሐኪምም የፍርድ ቤትም ደብዳቤ በስልክ ማስተርጎም ቀሏል። ለአንሶላው እንስቃለን፤ የመድኃኒት መጠን ወይም የቀጠሮ ቀን ቢሳሳት ግን ሳቅ የለም። ስለዚህ ሳትፈርሙ፣ ሳትውጡ በፊት ሁለቱንም ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ ሐኪም ቤት ስትሄዱም አስተርጓሚ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።